የሬዲዮ ድራማ ሕዝብ ሲያስደነግጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ1938 «የማርስ ፍጡራን ወረሩን» የሚል ድራማ በሬዲዮ ሲተላለፍ የአሜሪካ ሕዝብ በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ሸሸ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የደነገጡ ሰዎች ነበሩ፤ አገሩ በሙሉ ሸሸ የሚለው ግን በአብዛኛው የጋዜጦች ማጋነን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ምሽት የ23 ዓመቱ ተዋናይና አዘጋጅ ኦርሰን ዌልስና ባልደረቦቹ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች ጂ ዌልስን የማርስ ወረራ ልብ ወለድ በሲቢኤስ ሬዲዮ ሲያቀርቡ፣ በተፎካካሪው ጣቢያ እጅግ ተወዳጅ የቀልድ ዝግጅት ይተላለፍ ስለነበር፣ በዚያው ሰዓት በስልክ ከተጠየቁት መካከል ድራማውን እንደሚከታተሉ የተናገሩት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ወደ ፖሊስና ወደ ጋዜጣ ቢሮዎች ብዙ ሰው መደወሉ አይካድም፤ ሆኖም ደውሎ መጠየቅን ከሽሽት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም። የማስታወቂያ ገቢያቸውን ሬዲዮ እየተሻማቸው የነበሩት ጋዜጦች ተፎካካሪያቸው የማይታመን መሆኑን ለማሳየት አጋጣሚውን በደንብ ተጠቅመውበታል።

ጥያቄ፦ የፕሪንስተን ጥናት ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ደንግጧል ይል የለም?

መልስ፦ ይላል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃድሊ ካንትሪል በ1940 ያሳተመው ጥናት ድራማውን 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳዳመጠውና 1.2 ሚሊዮን ያህሉ እንደደነገጠ ይገምታል። በጥልቀት የተጠየቁት ግን 135 ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም የተመረጡት አስቀድሞ መደንገጣቸው ስለታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ድራማ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ተነግሮ ሳለ ሰው እንዴት ተታለለ?

መልስ፦ መሃል ላይ ጣቢያ ቀይሮ የመጣ ሰው መግቢያውን አልሰማም። የሰማው የሆቴል የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃው በሰበር ዜና ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፣ እንደገና ይቋረጣል። ግሮቨርስ ሚል ከተባለችው የኒው ጀርሲ መንደር የሚዘግበው ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ድምፁ ይጠፋና ጣቢያው ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ይላል። በእኔ አስተያየት ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ዝምታ ነው። ዘጋቢውን የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ፣ በ1937 ሂንደንበርግ የተባለችው የአየር መርከብ ስትቃጠል በስፍራው የነበረ ጋዜጠኛ ሲቃ እየተናነቀው የቀረጸውን ዘገባ ደጋግሞ በማዳመጥ ነበር የተዘጋጀው። በዚያ ላይ ከአንድ ወር በፊት ሂትለር የቼኮዝሎቫኪያን ግዛት በመጠየቁ አውሮፓ ወደ ጦርነት አፋፍ በደረሰችበት የሙኒክ ቀውስ ሳቢያ ሕዝቡ በፕሮግራም መሃል የጦርነት ወሬ መስማት ለምዶ ስለነበር፣ ከደነገጡት አንዳንዶቹ ወራሪዎቹ ጀርመኖች መስለዋቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ኦርሰን ዌልስ ተቀጣ?

መልስ፦ አልተቀጣም። ይልቁንም ዝናው ወደ ሆሊውድ ወሰደው።

ጥያቄ፦ በእንዲህ ዓይነት ድራማ ሰው የሞተበት አገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ የኢኳዶሯ ኪቶ ከሁሉም የከፋችው ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1949 ቅዳሜ ምሽት «ራዲዮ ኪቶ» ያንኑ ታሪክ በአገሩ የቦታ ስሞች ቀይሮ አቀረበው። ዘፈን በመሃሉ ተቋርጦ ወራሪዎች ከከተማው ዳር ወዳለችው ኮቶኮያዎ መድረሳቸው ተነገረ፤ ተዋናዮችም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩንና የከንቲባውን ድምፅ አስመስለው ለሕዝቡ መግለጫ ሰጡ። ኢኳዶር ከ8 ዓመት በፊት ከፔሩ ጋር ተዋግታ የተሸነፈች አገር ስለነበረች የወረራ ወሬ ለጆሮ እንግዳ አልነበረም። ሰዎች የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ አደባባይና ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎረፉ። ጣቢያው ነገሩ ድራማ መሆኑን ሲናገር ሽብሩ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ሕዝቡ ጣቢያው የሚገኝበትን «ኤል ኮሜርሲዮ» የተባለውን ጋዜጣ ሕንፃ በድንጋይ ደብድቦ በእሳት አጋየው። የጸጥታ ኃይል ወደ ኮቶኮያዎ ተልኮ ስለነበር ፈጥኖ ሊደርስ አልቻለም። ቢያንስ 6 ሰዎች ሞቱ።

ጥያቄ፦ ውሸት መሆኑን ሲሰሙ እፎይ ማለት ሲገባቸው ለምን ተቆጡ?

መልስ፦ በጎረቤቱ ፊት እያለቀሰ የጸለየ ሰው፣ ያስለቀሰው ነገር ጨዋታ እንደነበር ሲነገረው መዋረዱ ይሰማዋል። በኒው ጀርሲ የተታለለው ሰው እዚህም እዚያም ተበታትኖ በየቤቱ ስለነበር እፍረቱን ለብቻው ዋጠ፤ በኪቶ ግን ሁሉም አደባባይ ላይ ተሰብስቦ፣ ያታለለው ጣቢያም በእግር የሚደረስበት ሆኖ ነበር። የሚኒስትር ድምፅ መኮረጁም ከጨዋታ ወሰን ያለፈ ድርጊት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሊደገም ይችላል?

መልስ፦ በቴሌቪዥን ተደግሟል። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2010 የሩሲያ ጎረቤት በሆነችው አገር በጆርጂያ «ኢሜዲ» የተባለው ጣቢያ የሩሲያ ታንኮች ወደ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ እየገሰገሱ መሆናቸውንና ፕሬዚዳንት ሳካሽቪሊ መገደላቸውን የሚያሳይ የፈጠራ ዘገባ አስተላለፈ። በሁለቱ አገሮች መካከል እውነተኛው ጦርነት ከተካሄደ ገና 2 ዓመት አልሞላውም ነበር። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ ላይ ቢነገርም፣ ዘገባው በሚታይበት ጊዜ ፈጠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ የሞባይል ስልክ መስመሮችም በጥሪ ብዛት ተጨናነቁ።