መልስ፦ ወንድ ልጅ በቴኒስ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽ በአሜሪካ ኮሌጅ ቴኒስ ተጫውቶ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለወንዶች በጣም ከባድ ነው። እስከ 2025 ድረስ በዲቪዚዮን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ለአንድ የወንዶች ቡድን የሚፈቀደው የ4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ብቻ ነበር። አሰልጣኙ እሷኑ ለስምንት ለዘጠኝ ልጅ ይሸነሽናታል። ሴቶቹ ግን 8 ሙሉ ነበራቸው። አሁን አዲሱን አሠራር የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ገደቡ ቀርቶላቸው የተጫዋቾች ቁጥር 10 ላይ ተወስኗል። ከውጭ አገር የሚመጡ ጎበዞችም ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ዲቪዚዮን 3፣ ለስፖርት ብሎ ገንዘብ አይሰጥም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ግን ይረዳል። ስለዚህ ትምህርቱን አደራ! በውጤቱ ያገኘው ገንዘብ ጉልበቱ ቢጎዳ እንኳን አይቀርበትም። አሰልጣኙን ስታገኚው ደግሞ "በነጠላ (አንድ ለአንድ) ጨዋታ ከሚሰለፉት ስድስት ልጆች ውስጥ ይገባል ወይ?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂው።