የማይበላ ስለሆነ ይገደል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ሸኖ አካባቢ ወዳለው የአጎቴ እርሻ ሄጄ ነበር። ጥንቸሎች የምስሩን ቡቃያ እየበሉ አስቸግረውታል። ጠመንጃ ሰጠንና እየተፈራረቅን ተኮስን። መጀመሪያ ሁለት ገደልን። ከዚያ በኋላ ግን ማን የበለጠ ይመታል እያልን ተወራርደን ቀጠልን። አንዷ እግሯን ተመትታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች፤ አልተከተልናትም። ቪዲዮም ቀርጸናል። ሥጋውን አልበላንም። እናቴ በድኑን በእጄ ማንሳቴን ስትሰማ «ጸበል ሳትጠመቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ» አለችኝ። ስለዚህ ሰሞኑን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ጓደኛዬ ደግሞ «ጥንቸል ርኩስ ነው፣ እስካልበላችሁት ድረስ ምንም ኃጢአት የለበትም» ይለኛል። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። እናትህ ከልክ በላይ አስፈርታሃለች። ጓደኛህ ከልክ በላይ አረጋግቶሃል። በእናትህ ልጀምር፤ የሷ አጭር ነው።

በኦሪት ሕግ እንኳ በድን የነካ ሰው ርኩስ ሆኖ የሚቆየው እስከ ማታ ነበር (ዘሌ. 11፥24)። እስከ ማታ ብቻ! አንተ ግን ይኸው እስካሁን ውጭ ቆመሃል። ጸበሉን ለበረከት ተጠመቅ፣ መልካም ነው። ጥንቸል ነክተሃል ተብሎ ግን ከቅዳሴ የሚያስቀርህ ነገር የለም። እናትህን በትሕትና አስረዳት። ካልተዋጠላት ይዘሃት ና፤ አብረን እንነጋገራለን።

የጓደኛህን ነገር ግን እንዲህ በዋዛ አላልፈውም፤ በጣም ስለለመድኩት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄድ ጥግ ይዞ የተኛ ውሻ በድንጋይ የሚመታ ልጅ አታጣም። ለምን ስትለው «ርኩስ አይደል እንዴ?» ይልሃል። አህያዋን ወገቧ እስኪጎብጥ ጭኖ በዱላ የሚነርታትም፣ ጅብ በመኪና ተገጨ ሲባል ደስ የሚለውም መልሱ ያው ነው። እኛ የማንበላውን እግዚአብሔርም የማይፈልገው ይመስለናል። ይህንን ከቤተ ክርስቲያን አልተማርነውም።

ጥንቸል የማይበላው ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ በኦሪት ሕግ ርኩስ ስለተባለ ነው (ዘሌ. 11፥6)። ያ ሕግ የተሰጠው ለእኛ ማዕድ ነው። በእንስሳዋ ላይ የተፈረደ የሞት ፍርድ አይደለም። እግዚአብሔር የምድርን አራዊት ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ ሲያይ ጥንቸልን ለይቶ አላስቀራትም (ዘፍ. 1፥25)።

ወደ ኖኅ መርከብ እንሂድ። ከንጹሑ ሰባት ሰባት፣ ንጹሕ ካልሆነው ደግሞ ሁለት ሁለት እንዲያስገባ ታዘዘ (ዘፍ. 7፥2)። እስቲ አስበው። ከጥፋት ውኃ በኋላ ኖኅ መሥዋዕት ያቀረበው ከንጹሓን ብቻ ነው (ዘፍ. 8፥20)። እነዚያ ሌሎቹ ለመሥዋዕት አልሆኑ። ታዲያ ቦታ እያጣበቡ፣ ቀለብ እየጨረሱ ለምን ተጫኑ? ፈጣሪያቸው እንዲኖሩ ስለወደደ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልግ። ዳዊትም ድንጋዩ የሽኮኮ መሸሸጊያ ነው ብሎ ይዘምራል (መዝ. 103፥18)። ሽኮኮ በኦሪቱ የማይበሉ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ከጥንቸል አጠገብ የተጻፈች፣ እንደሷው የማትበላ ናት። ዳዊት ግን መኖሪያዋን ምስጋና ውስጥ አስገባላት።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ደግሞ አንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም። አንበሶቹና ነብሮቹ አብረዋቸው ናቸው። የተጠማችው ወፍ እንባቸውን ትጠጣለች። አንበሳና ነብሩን ማንም አይበላቸውም፤ ጻድቁ ግን አላባረሯቸውም። ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ በር ላይ ውሻ በእርግጫ እንመታለን።

በነገራችን ላይ በሸዋ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ የጥንቸል ዝርያ አለች። የተኮሳችሁት በማን ላይ እንደሆነ ሳታውቁ ነው ቃታ የሳባችሁት።

እንግዲህ መግደሉ በራሱ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ጥንቸል የገደለ፣ ሰው እንደ ገደለ ይቆጠራል እያሉ የሚያስጨንቁህ ካሉም አትስማቸው። አጎትህ የሚያድረው በዚያ ምስር ነው። መጽሐፍም ወይናችንን የሚያበላሹትን ቀበሮች ያዙልን ይላል (መኃ. 2፥15)። ስለዚህ ሰብል ለማዳን የተገደሉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልቆጥርብህም። ቢሆንም አጥሩን በእሾህ ማጠር፣ ጠባቂ ውሻ ማሰር ይቀድማል። ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳ አደንን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል። የጦር መሣሪያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። አጎትህ ጠመንጃውን ከከተማ ለመጡ እንግዶች እያቀባበለ መስጠቱ ልክ አይደለም። የቄሳርን ለቄሳር ስጡ የተባለው ለግብር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አልተከተልናትም» ብለህ ያለፍካት ጥንቸል አለች። ጥያቄህን ሳነብ እኔ የቆምኩት እሷ ላይ ነው። አንተ ግን ስለ እጅህ ተጨንቀህ እሷን በአንድ ቃል ዘለልካት። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል (ምሳ. 12፥10)። «ለእንስሳው እንጂ ለዱር አውሬ አላለም» እንዳትለኝ። በገበያ ሁለቱ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡት ድንቢጦች እንኳ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አይወድቁም ብሏል ጌታ (ማቴ. 10፥29)። ያቺ ጥንቸል ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሰቃይ እናንተ ነጥብ ትቆጥሩ ነበር። እሱ ግን ያያት ነበር።

«አልበላንም» ያልከውን ደግሞ እንደ መከላከያ አምጥተኸዋል። እኔ ዘንድ ይብስብሃል። ዔሳው ሊያድን የወጣው አባቱ ጣፋጭ መብል ስለለመነው ነው (ዘፍ. 27፥3-4)። የሚበላ ነገር ፈልጎ ነው። እናንተ ከሁለቱ በኋላ ለተኮሳችሁት ምን ምክንያት አላችሁ? ሰብሉም ተረስቷል፣ መብልም አይደለም። የቀረው ውርርድና ሳቅ ነው። ምግባችንን ተጠንቅቀን ጾማችንን ጾመን፣ በፍጥረት ስቃይ መሳቅ ከጀመርን ጥንቃቄው ሆዳችን ላይ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ጓደኛህ ያሳሳተህም እዚህ ላይ ነው።

እሑድ ከቅጥሩ ግባና አስቀድስ። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። «ጥንቸል ነካሁ» ብለህ አትጀምር። «ፍጥረት እየቆሰለ ሳቅሁ፣ ተወራረድሁ፣ የተመታችውን ጥዬ ሄድሁ» በል። ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሃል፤ ቁርባኑም በእሳቸው ፈቃድ ነው። አጎትህ ጋ ደውልና ለአጥሩ ሥራ አንድ ቅዳሜ እንደምትመጣ ንገረው፤ ያለ ጠመንጃ። ቪዲዮውን አጥፋው። የላክህላቸውም እንዲያጠፉ ለምናቸው።