ውሃው የሚወጣበትን ሳታዩ ውሃ አታስገቡ

ልጆቼ፣ በአዋሽ ተፋሰስ መስኖ ላይ ልትሠሩ የተመደባችሁ፣ ማሳ እንደወረዳችሁ ሁለት ዓይነት አቤቱታ ትሰማላችሁ። ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ «ውሃ አልደረሰኝም» ይላል። ቦዩ ራስ ላይ ያለው ደግሞ «መሬቴ ነጭ አወጣ» ይላል። ሁለቱን ለየብቻ አትመዝግቡ። ላይኛው ተራው መቼ እንደሚመለስ ስለማያምን ውሃ ባገኘ ቁጥር ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ትርፉ ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያነሳዋል፤ ፀሐይዋ ስትስበው ጨዉ ገጹ ላይ ይቀራል። ከዚያ ያን ጨው ለማጠብ ተጨማሪ ውሃ ይፈለጋል፤ የታችኛው ድርሻም በዚያው ልክ ያንሳል።

ጨው የሚመጣው ከመጥፎ ውሃ ብቻ አይምሰላችሁ። ኢሲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ የጨው መጠን መለኪያ) 0.5 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ፣ ሁሉም ጥሩ የሚለው ውሃ እንኳ በሊትር ወደ 320 ሚሊግራም ጨው ይይዛል። ለአንድ ሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ካጠጣችሁ 32 ኩንታል ጨው ማሳው ላይ አራገፋችሁ ማለት ነው። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል እንጂ ጨዉን ይዞ አይሄድም። በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች፣ መልካ ሰዲና አሚባራ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ውሃ ማስገቢያው ቀደመ፣ ማፋሰሻው (ትርፉን ውሃ የሚያወጣው ቦይ) ዘገየ። በዚያ ላይ መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 አልፏል። ጨዋማው ውሃም በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ስለዚህ የወንዙን ኢሲ አንድ ጊዜ ለክቶ መዝጋት ራስን ማታለል ነው፤ በየወሩ ለኩ።

መጀመሪያ የምትተክሉት የከርሰ ምድሩን ውሃ ጥልቀት የምትለኩበት መመልከቻ ቱቦ ይሁን። ባለ 2 ኢንች፣ 3 ሜትር ፒቪሲ ውሰዱ፤ የታችኛውን 1 ሜትር ብሱና በወንፊት ጨርቅ ጠቅልሉት። ዙሪያውን በአሸዋ ሙሉት፣ ከላይ 30 ሴንቲ ሜትሩን ግን በጭቃ ጠቅጥቁት። ይህን የዘለለ ሰው የሚለካው የከርሰ ምድሩን ሳይሆን ከላይ በቱቦው ጎን የወረደውን የመስኖ ውሃ ነው። በየሳምንቱ፣ ከማጠጣት በፊት ለኩ። ውሃው ከ1.5 ሜትር በላይ ወደ ገጽ ከቀረበ፣ ማፋሰሻ ሳይጠረግ ለማጠብ ብላችሁ ውሃ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል።

የአፈር ናሙና ከነጩ ቅርፊት ብቻ አትዝገኑ፤ ከ0–30፣ 30–60 እና 60–90 ሴንቲ ሜትር ለየብቻ ውሰዱ። በቦይ በሚጠጣ ሽንኩርት ማሳ ላይ ጎንበስ ብላችሁ መደቡን እዩት። ውሃው ከሁለቱም ጎን እየሰረገ አናቱ ላይ ይገናኛል፣ ጨዉንም እዚያው ይከምራል። አናቱ ላይ የተተከለው ችግኝ ቅጠሉ ከጫፉ ይቃጠላል፤ ትከሻው ላይ ያለው ይተርፋል። ሽንኩርት የአፈሩ ኢሲ ከ1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር በላይ ሲሆን ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ጥጥ እስከ 7.7 ይችላል። የተዘራው ሰብል ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ «መሬቱ ጨዋማ ነው» አትበሉ።

ጨዉን ለማጠብ የሚጨመረውን ውሃ መጠን በግምት አትስጡ። ሰብሉ የሚችለውን የአፈር ኢሲ በ5 አባዙ፣ ከዚያ ላይ የውሃውን ኢሲ ቀንሱ፤ የውሃውን ኢሲ በዚህ ቁጥር አካፍሉ። የውሃው ኢሲ 0.8፣ ሰብሉ ሽንኩርት ከሆነ 0.8 ለ5.2፣ ማለትም ከምትሰጡት ውሃ 15 በመቶው ለማጠቢያ ይሆናል። ሰብሉ 60 ሚሊ ሜትር ከፈለገ የምትሰጡት 71 ነው። በአንድ ጊዜ አታጥለቅልቁ፤ ከፋፍላችሁ ስጡ፣ እንዲህ ሲሆን ያነሰ ውሃ ብዙ ጨው ያወርዳል።

ቅርፊቱ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ከጠቆረ ግን አቁሙ። ፒኤቹን ለኩ፤ ከ8.5 ካለፈ ሶዲየም ሳይሆን አይቀርም፤ የሚለዋወጥ ሶዲየሙ ከ15 በመቶ በላይ መሆኑን በላቦራቶሪ አረጋግጡ። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ ብታፈሱ ሸክላው ይበተናል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃውም ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጂፕሰሙ (ሶዲየሙን የሚተካ ካልሲየም ያለው ማዕድን) ይቀድማል፣ ማጠቡ ይከተላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ያጠባችሁት ጨው የት ሄደ? ማፋሰሻችሁ ወደ ወንዙ ከገባ በታችኛው አዋሽ ያለው የዱብቲ ገበሬ የሚያጠጣው ያንኑ ነው። የማፋሰሻውን ጫፍና ከእናንተ በታች ያለውን መጥለፊያ በአንድ ቀን ለኩ። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለታችኛው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ላኩለት።