ዳምፕ ሸምድዶ ዘበኛ መሆን አይቻልም

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ይሠራል። «ጋሼ፣ ሳይበር ሴኪዩሪቲ በሦስት ወር ያስገባል አሉኝ። ሦስት ሺህ ዶላር ልክፈል ወይ?» አለኝ። አትክፈል አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለሌሎቻችሁም መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አሥራ አራቱን የሠራሁት በዚሁ በሳይበር ሴኪዩሪቲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ደህንነት፣ በመከላከሉ በኩል ነው። ሰርጎ ገቢን እንጠብቃለን፣ ሲገባ እንይዛለን፣ የነካካውን እናጸዳለን።

1. ወረቀት

ሶሻል ሴኪዩሪቲውንና ግሪን ካርዱን ዘመድ ይነግራችኋል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲሲ ዙሪያ ካለው የሳይበር ሥራ ብዙው ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ይጠይቃል፣ ክሊራንስ ደግሞ በአብዛኛው ዜግነት ይፈልጋል፤ ዜግነት እስክታገኙ ሆስፒታል፣ ባንክና ትምህርት ቤት ሞክሩ።

2. ሥራው ምን እንደሆነ እወቁ

ሥራችን የዘበኛ ሥራ ነው። ይህን ስል ቅር የሚለው አለ፤ «ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ዘበኛ?» ይለኛል። ያደግኩበት ሰፈር አንድ ዘበኛ ነበሩ። የማን ኮቴ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ውሻ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። ዱላቸውን አንድም ቀን ሲያነሱ አላየሁም። የኛም ሥራ ይኸው ነው። የተለመደውን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ያልተለመደው ብቅ ሲል ተነስቶ ማየት።

በ1986 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች ነው) ካሊፎርኒያ፣ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ውስጥ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የሥነ ፈለክ ባለሙያ ኮምፒውተር ክፍል ተመደበ። የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የጎደለች 75 ሳንቲም አጣራ አሉት። 75 ሳንቲም! ሌላው ሰው ከኪሱ ከፍሎ ይዘጋት ነበር። እሱ ግን ወራት ፈጅቶ ተከተላት። መጨረሻ ላይ የተገኘው ምዕራብ ጀርመን፣ ሃኖቨር ተቀምጦ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒውተሮች የሚበረብር ሰው ነው። ያገኘውን ለሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ ይሸጥ ነበር። ስቶል የደህንነት ሰርተፊኬት አልነበረውም። «ይህቺ ነገር ለምን አልገጠመችም?» ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት ነበረው።

ጠያቂ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ኡበርና ታክሲ የምትነዱ አይታችሁታል። ሜይ 2021 የኮሎኒያል የነዳጅ ቧንቧ ተዘግቶ ቨርጂኒያና ዲሲ ማደያ ሲደርቅ ወረፋ የተሰለፋችሁት እናንተ ናችሁ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት አሮጌ የርቀት መግቢያ አካውንት ነው። ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው ለሰርጎ ገቦቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ከፈለ። «ይህ አካውንት የማን ነው? ለምን አልተዘጋም?» ብሎ መጠየቅ የኛ የዕለት ሥራ ነው።

3. ዳምፕና የውሸት ሪሱሜ

እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ታገሱኝ።

ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለው የጀማሪዎች የሰርተፊኬት ፈተና ቢበዛ 90 ጥያቄ አለው፤ 90 ደቂቃ ይሰጣል፤ ማለፊያው ከ900 ነጥብ 750 ነው። ተምሮ ለሚወስደው ጥሩ ፈተና ነው። እኛ ጋ ግን ዳምፕ የሚሉት፣ ከፈተና ክፍል የተሰረቀ ጥያቄና መልስ በስልክ ይዞራል። እሱን ሸምድዶ ያለፈ ሰው ፋየርዎል (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚጠብቀውን አጥር) ሲያይ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ፈተናውን የሚሰጠው ኮምፕቲያ ከደረሰበት ሰርተፊኬቱን ሊሰርዘው ይችላል። እሱ ግን ትንሹ ጉዳት ነው።

ከዚያ ሪሱሜው ይመጣል። ትምህርት ቤት ነኝ የሚለው ቦታ ያልሠራችሁበትን አምስት ዓመት ይጽፍላችኋል። «አዎ፣ እኛ ጋ ሠርቷል» የሚል ስልክ አንሺም ያዘጋጅላችኋል። ይህን ስናገር «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከስድስት ዓመት በፊት በዲቪ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን እናቱ ታማ ስለነበር ቶሎ ገንዘብ መላክ ነበረበት፤ እኔም ቸኮልኩለት። ዳምፑን የላክሁለት እኔ ነኝ። ሪሱሜው ላይ «አራት ዓመት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የደንበኞችን ኮምፒውተር የሚጠብቅ የማውቀው ቦታ አናግሬ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። በአሥራ ስድስት ቀን ፈተናውን አለፈ፣ በሁለት ወር ሥራ ያዘ። አክስቴ በስልክ እያለቀሰች መረቀችኝ።

በአራተኛው ወር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንድ አለርት፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ መልእክት፣ መጣበት። አንድ ደንበኛ ጋ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ወርድ ፓወርሼልን አስነስቷል። ለሚያውቅ ሰው ይህ የእሳት ደወል ነው። የደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን የሚያዝዘውን መሣሪያ የሚከፍትበት ጤነኛ ምክንያት ከስንት አንዴ ነው። ልጁ ግን ምን እንደሆነ አላወቀም። የሺፍቱ አለቃ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል። መጠየቅ ግን አልቻለም። አራት ዓመት የሠራ ሰው እንዴት ብሎ ይህን ይጠይቃል? «ችግር የለውም» ብሎ ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ሰርጎ ገቦች የደንበኛውን ፋይሎች በሙሉ ቆለፉ። ደንበኛው ክሊኒክ ነበር። ሕመምተኞች ከበር ተመለሱ። ምርመራው ወደ ኋላ ሄዶ ያችን ሌሊት አገኘ፤ ከዚያ ሪሱሜውን አገኘ። ልጁ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ቦታ ሁለት ሐበሻ ልጆች ልኬ ነበር። ሁለቱም በሐቅ የተማሩ ናቸው። ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠሩም። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ስንት ሌሊት አሰብኩት። ጀማሪ ሁሉ አያውቅም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አለቃዬን በሌሊት ስንቴ ቀስቅሻለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ስለው ይነጫነጫል፣ ከዚያ ያስረዳኛል። እንዲህ ነው የተማርኩት። መጠየቅ የቻልኩት ጀማሪ መሆኔን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ያቺ የጻፍኩለት አራት ዓመት ከአክስቴ ልጅ ላይ የወሰደችው ይህን ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ መጠየቅ የማይችል ሰው ምንም አይችልም።

ነርሶቻችንን እዩአቸው። ሌሊት እየሠሩ፣ ቀን እየተማሩ፣ የስቴት ፈተና አልፈው፣ ፈቃድ ይዘው ነው በሽተኛ የሚነኩት። በዳምፕ ነርስ ልሁን የሚል የለም፤ ሰው ይሞታላ! የእኛ ሥራ እንደነሱ የስቴት ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ሙያውን የሚያስከብሩትም የሚያዋርዱትም ውስጡ ያሉት ሰዎች ናቸው። ሲአይኤስኤስፒ የሚባለውን ከፍ ያለ የሙያ ሰርተፊኬት ለማግኘት ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም። አምስት ዓመት መሥራት አለባችሁ፣ ሌላ ባለሙያም ስለ ልምዳችሁ መመስከር አለበት። ያ ሰው የራሱን ስም ነው የሚያስይዝላችሁ። የቤተ ክህነት ሰዎች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ደግሞ ነገሩ እዚህ አይቀርም። ቴሌብር በ2021 ከጀመረ ወዲህ አገር ቤት የእናቶቻችን ገንዘብ ስልክ ውስጥ ገብቷል። እዚህ በውሸት የተማረ ሰው ነገ ቦሌ ሲደርስ «ከአሜሪካ የመጣ ባለሙያ» ተብሎ ባንክ ሊጠብቅ ነው። ይህ ሲታሰበኝ እንቅልፍ ይነሳኛል።

4. ከየት ይጀመር

ሦስት ሺውን ዶላር አትክፈሉ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሆነ የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በዚህ ሙያ ያስተምራሉ፤ ሂዱና ተመዝገቡ። ሄልፕ ዴስክን፣ ማለትም ኮምፒውተር ያስቸገረውን ሰው የመርዳት ሥራ፣ አትናቁ። የሰው ኮምፒውተር ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል የሚታወቀው እዚያ ነው።

ከነጻው ጀምሩ። ጌይተርስበርግ ያለው ኒስት፣ የመንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በ2024 ያደሰውን የሳይበር ደህንነት ማዕቀፍ በነጻ ለቆታል። ማክሊን ያለው ማይተር የሚባል የምርምር ድርጅትም ሰርጎ ገቦች የሚጠቀሙባቸውን ዘዴዎች አንድ በአንድ መዝግቦ በነጻ ያሳያል። ብዙዎቻችሁ በኡበር በሩ ላይ ታልፋላችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ የዊንዶውስን የደህንነት መዝገብ ክፈቱ። 4624 የሚል ቁጥር ያለው የተሳካ መግቢያ ነው፣ 4625 ያልተሳካ። ሆን ብላችሁ የይለፍ ቃል አሳስቱና ምን እንደሚጻፍ እዩ። ያያችሁትን በእንግሊዝኛ በአምስት መስመር ጻፉት።

ሪሱሜያችሁ ላይ ፓርኪንግ ከሠራችሁ ፓርኪንግ በሉ። ሄልፕ ዴስክ ስምንት ወር ከሆነ ስምንት ወር በሉ።

የአክስቴ ልጅ ከተባረረ በኋላ አንድ ዓመት አላናገረኝም፤ እውነት ነበረው። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄልፕ ዴስክ ገባ፣ ማታ ማታ ተማረ፣ ሴኪዩሪቲ ፕላስን እንደገና በራሱ ተፈተነ። አምና ጀማሪ ተንታኝ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሪሱሜውን ራሱ ጻፈው። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። አንድ ሎግ (ኮምፒውተሩ የሠራውን የሚመዘግብበት መዝገብ) አይቶ አልገባውም። «አለቃህን ጠየቅከው?» አልኩት።

«ጠየቅኩት። እሱም አልገባውም፤ አብረን እያየነው ነው» አለኝ።