ከፍ የተደረገ መኪና መሪ ለምን ይቀላል? የካስተር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከፊት ወጥ አክስል፣ ሞላና ራዲየስ አርም (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) ያለው ነው። ሞላውን ቀይሬ በ75 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቴ ከ80 ሲያልፍ መሪው ይቀለኛል፣ መኪናው ግራ ቀኝ ይቅበዘበዛል፤ ከታጠፍኩ በኋላም መሪው እንደ ድሮው በራሱ አይመለስም። ሁለቴ አላይመንት ባሠራም ለውጥ የለም።

መልስ፦ በእንዲህ ዓይነት አክስል ላይ የአላይመንት ባለሙያው ሊያስተካክልልዎ የሚችለው ቶ-ኢኑን (የፊት ጎማዎቹ ግንባር ወደ ውስጥ መዞሩን) ብቻ ስለሆነ ለውጥ አለማየትዎ አይገርምም። የጠፋብዎ ካስተር ነው። ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር፣ ማለትም በላይኛውና በታችኛው ኪንግ ፒን መሐል የሚያልፈው፣ ከጎን ሲያዩት አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያጋደለ መሆን አለበት። ካስተር የሚባለው ይህ ማጋደል ነው፤ መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰውም እሱ ነው።

ራዲየስ አርም አክስሉን በሁለት ጎሚኒ (ቡሎን የሚያልፍበት የጎማ መያዣ) አጥብቆ ስለሚይዝ አርሙ በዞረ ቁጥር አክስሉም አብሮት ይዞራል። ሻንሲው ከፍ ሲል የአርሙ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል፤ የአክስሉም አናት ወደ ፊት ይደፋል። ምን ያህል እንደሆነ ራስዎ ማስላት ይችላሉ፦ የተነሳውን ከፍታ ከሻንሲው ጎሚኒ እስከ አክስሉ መሐል ባለው ርዝመት ያካፍሉና በ57.3 ያባዙ። ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 75 ሚሊ ሜትሩ 4.8 ዲግሪ ገደማ ይወስዳል። የፋብሪካው ልክ 3 ዲግሪ ከነበረ አሁን ከዜሮ በታች 1.8 ላይ ነዎት ማለት ነው። በዚህ ልክ መሪው ባይመለስ አይፈረድበትም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ግን ያስለኩ። መኪናው ዘወትር የሚይዘውን ጭነት ይያዝ፣ የጎማ ነፋሱ ይስተካከል፣ ወለሉ ልሙጥ ይሁን። ጎማዎቹ በሚዞር ሰሌዳ ላይ ይረፉና የአንዱ ጎማ ግንባር 20 ዲግሪ ወደ ውጭ ሲዞር ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ማጋደሉ) ይነበብ፤ ከዚያ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ እንደገና ይነበብ። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ቀንሰው በ1.5 ያባዙ። ወደ ውጭ ሲዞር +1.2፣ ወደ ውስጥ ሲዞር −0.8 ካነበቡ ልዩነቱ 2 ስለሆነ ካስተሩ 3 ዲግሪ ነው። ጭነቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2850 ሚሊ ሜትር ባለው መኪና ላይ የኋላው 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ካስተሩ 1 ዲግሪ ይጨምራል። ተጭኖ ረግቶ የሚሄድ መኪና ባዶውን የሚቅበዘበዘው ለዚህ ነው።

ቀዳዳው ከመሐል የወጣ ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ይመልሳል። ለ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃ ይሆናል፣ ለእርስዎ ግን አይበቃም። ከሻንሲው በኩል የአርሙን መያዣ በ60 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ብራኬት 3.8 ዲግሪ ይመልስልዎታል፤ ክፍያው እዚያ ቦታ ላይ ከመሬት ያለዎት ክፍተት በዚያው ልክ መቀነሱ ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ የሚውሉ ከሆነ ማዕዘኑ ተስተካክሎ የተሠራ አርም ይሻላል። ጎሚኒ ከመረጡ ግን በፕሬስ ከመግባቱ በፊት አቅጣጫው ምልክት ይደረግበት፤ ከአንዱ አርም ሁለት ጎሚኒዎች አንዱ ካስተር ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ሆኖ ከገባ ሥራው ይጣፋል፣ አርሙም ይነክሳል። ግራና ቀኙም አንድ ይሁኑ። ቡሎኖቹ የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የጎሚኒው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ ስመታ መሪው በኃይል ይርገፈገፋል፣ ካልቆምኩ አይተወኝም። ካስተር ብጨምር ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። መጀመሪያ ልልነት ይፈልጉ። መኪናው በጎማው እንደቆመ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው መሪውን በአጭሩ ግራ ቀኝ ያወዛውዝልዎት፤ እርስዎ ከፊት የፓናርድ ሮዱን (አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘውን ዘንግ) ሁለት ጫፎች ይዩ። ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም የቀዳዳው ዙሪያ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች)፣ የኪንግ ፒንና የጎማ ኩሽኔታዎችን፣ የጎማ ባላንሱን ይዩ። የመሪ ሾክ አብዞርበር መለወጥ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ካስተሩ ተስተካክሎ መሪው ዳነ፣ አሁን ግን ከፊት በኩል የሚያጉረመርም ንዝረት መጣ።

መልስ፦ ካስተር ሲጨምሩ አክስሉ በሙሉ ስለሚዞር የዲፈረንሻሉ ፒኒየን አፍንጫ (ሻፍቱ የሚታሰርበት ጫፍ) ወደ ታች ይወርዳል። የፊት ሻፍቱን ፈትተው ይንዱት፤ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ግን የመሐል ዲፈረንሻሉን መቆለፍ አይርሱ፣ አለዚያ ከቦታው አይነቃነቅም። ንዝረቱ ከጠፋ ሻፍቱ ነው። ከጫፍና ከጫፍ አንዳንድ ክሮቸራ (ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ያለው ሻፍት ላይ የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካልሆነ ካስተሩን በ1 ዲግሪ መቀነስ፣ ወይም ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው) በኩል ድርብ ክሮቸራ ያለው ሻፍት ማስገባት ነው፤ ያኔ ፒኒየኑ በሻፍቱ አቅጣጫ እንዲያይ ይፈለጋል። የፊት ሃቦቹ የሚፈቱ ከሆኑና አስፋልት ላይ ፈትተው የሚነዱ ከሆነ ሻፍቱ ስለማይዞር ብዙም አይጨነቁ፣ ለካስተሩ ያድሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ባሌስትራ ነው። ካስተር የሚጨምረውን ሽብልቅ በየት በኩል ላስገባው?

መልስ፦ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከተቀመጠ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ወፍራሙ ወደ ፊት። የብረት ሽብልቅ ይምረጡ፤ የአሉሚኒየሙ እየተሰነጠቀ ይወጣል። የባሌስትራው የመሐል ቡሎን ራስ ከሽብልቁ አልፎ በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ በቂ ካልገባ በረዥም ይለወጥ፣ አለዚያ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። አሮጌዎቹን ዩ ቦልቶች መልሰው አይጠቀሙ፤ አዲሶቹንም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ያጥብቋቸው።