መጀመሪያ ከረጢቱን ጠይቁ

በዚህ እትም የቤት ዕቃ ዓምዳችን የሚመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፦ ወለል ላይ በጎማው እየተጎተተ ስለሚሄደው፣ ረጅም ቱቦ ስላለው ባለ ከረጢት ቫኪዩም ክሊነር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ገብተን ሳሎኑን ምንጣፍ አነጠፍን። መርካቶ ስንዞር አንዱ ሱቅ 2,400 ዋት የተጻፈበት፣ ሌላው 800 ዋት የሆነ ባለ ከረጢት ቫኪዩም አሳየን። ባለ 800ው ዋጋው ይበልጣል፤ ሻጩ ግን «ዋት ከበዛ ይስባል» ይላል። የቱን እንግዛ? (ከሰሚት)

መልስ፦ ዋት የሚናገረው ማሽኑ ከቆጣሪው የሚበላውን ነው፤ ከምንጣፉ ምን ያህል አቧራ እንደሚያነሳ አይነግርዎትም። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት ቫኪዩም 1,600 ዋት ጣሪያ አበጀ፤ በሴፕቴምበር 2017 ደግሞ ወደ 900 ዋት አወረደው። ፋብሪካዎቹም የሞተሩን፣ የአየር መንገዱንና የወለል ብሩሹን አሠራር ለማሻሻል ተገደዱ። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተሠራ ባለ 800 ዋት ደካማ ነው ማለት አይደለም። 2,400 የሚለው ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የሚጮህና የሚግል ብቻም ሊሆን ይችላል።

ሱቁ ውስጥ አስነስተው ይሞክሩት። ቱቦውን ገጥመው ጫፉን በመዳፍዎ ግጥም አድርገው ይድፈኑት። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ከቀጠነ አየሩ በሌላ ቦታ አያመልጥም ማለት ነው። ድምፁ እምብዛም ካልተለወጠ ክዳኑ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ወይም የጎማ ማሸጊያው ያፈስሳል፤ ይተዉት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከረጢቱን ይጠይቁ። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ከረጢት በላይ ይዞ አይመጣም፤ እሱ ሲያልቅ መለዋወጫ የሌለው ቫኪዩም ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ክዳኑን ያስከፍቱና ከረጢቱ አፍ ላይ ባለው ካርቶን ወይም ፕላስቲክ የተጻፈውን መለያ ያንብቡ። ኤስ-ባግ የሚባለውን ፊሊፕስ፣ ኤሌክትሮሉክስና ኤኢጂ በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ስለሚጠቀሙበት አውሮፓ ያለ ዘመድ በቀላሉ ያገኘዋል። ሚሌ ጂኤን እና ኤፍጄኤም የሚላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። ቦሽ በአብዛኛው ጂ የሚለውን ነው የሚወስደው። መለያው የሌለበት «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ከረጢት አፉ በደንብ ካልተቀመጠ አቧራው በጎን ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ከ3 እስከ 4 ሊትር የሚይዝ ከረጢት በሳምንት ሁለቴ ለሚጸዳ ባለ ምንጣፍ ቤት ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ያገለግላል፤ የመንገድ አቧራ የሚገባበት ቤት ከሆነ ያንሳል። ስለዚህ በዓመት ከ6 እስከ 8 ያስፈልግዎታል፤ ሻጩ የአንድ ዓመቱን አሁኑኑ ሊሸጥልዎት ካልቻለ ከየት እንደሚያመጣ ይንገርዎት። ምርጫ ካለዎት ከወረቀቱ ይልቅ ጨርቅ መሳይ የሆነውን ባለ ብዙ ንብርብር ይውሰዱ። እርጥበት ሲነካው አይቀደድም፤ እየሞላ ሲሄድም አየር በተሻለ ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ የጤፍ ዱቄት ተደፍቶብኝ በቫኪዩም አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ «ከረጢቱ ሞልቷል» የሚለው ቀይ ምልክት አልጠፋ አለኝ። ከፍቼ ሳየው ከረጢቱ ሩቡ እንኳ አልሞላም። ምልክቱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ምልክቱ ደህና ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን መጠን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የሚለካው በከረጢቱ አልፎ ወደ ሞተሩ የሚሄደው አየር ምን ያህል እንደታነቀ ነው። ቫኪዩሙ የሚስበው አየር በሙሉ በከረጢቱ ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማለፍ አለበት። የጤፍ ዱቄት እነዚያን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ጄሶ፣ ሲሚንቶ፣ የሕፃን ፓውደርና አመድም እንደዚያው ናቸው። ከረጢቱን መምታት ወይም ማራገፍ የተደፈነውን አይከፍተውም፤ ይቀይሩት።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ፀጉር፣ የምንጣፍ ጭረትና ክር ብቻ የሞላበት ከረጢት አየር ስለሚያሳልፍ አፉ ድረስ ጢም ብሎም ቀዩ ላይበራ ይችላል። ስለዚህ በወር አንዴ ክዳኑን ከፍቶ ከረጢቱን በእጅ ዳሰስ ማድረግ ነው።

አዲስ ከረጢት ገብቶም ቀዩ ካልጠፋ የታነቀበትን ቦታ በቅደም ተከተል ይፈልጉ፤ እያንዳንዱን ሲከፍቱ ስፒናውን ይንቀሉ። ማሽኑን በሙሉ ኃይል አስነስተው የወለሉን ብሩሽ ከመሬት ያንሱት፤ ምልክቱ መነበብ ያለበት እንዲህ ሆኖ ነው። ብሩሹን ሲያወልቁ ከጠፋ ችግሩ ብሩሹ አንገት ላይ ነው። ቀጥሎ የብረቱን ዘንግ ያውልቁ፤ አሻግረው ሲያዩበት ብርሃን መታየት አለበት። ተጣጣፊውን ቱቦ ቀጥ አድርገው ይያዙና በአንዱ ጫፍ ሳንቲም ይልቀቁ፤ በሌላው ካልወጣ ተሰክቶበታል። መውጊያ ብረት አይስደዱበት፣ ቱቦው ይበሳል፤ የመጥረጊያ እንጨት ይሻላል። ሦስቱም ነፃ ከሆኑ የሚቀሩት ከከረጢቱ በስተጀርባ ያለው የሞተር መከላከያ ፊልተርና የመውጫው ፊልተር ናቸው።

ለወደፊቱ የተደፋ ዱቄት በመጥረጊያና በአካፋ ይነሳ፤ ለቫኪዩሙ የሚተወው ምንጣፉ ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየም ማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ያላችሁም፣ የጄሶና የሴራሚክ ቆረጣ አቧራ በቤት ቫኪዩም አይነሳም። እዚያው አንድ ከሰዓት ሞተሩን ሊያስረጅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከረጢቱ ስለጠፋ የወረቀቱን ከታች ቀድጄ፣ አራግፌ፣ በስቴፕለር መልሼ እጠቀምበታለሁ። ጉዳት አለው? የሚታጠበው የጨርቅ ከረጢትስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የወረቀቱን ይተዉት። በስቴፕለር የታሰረው ስፌት የሚይዘው ወፍራሙን ቆሻሻ ብቻ ነው፤ ደቃቁ በእሱ በኩል ወጥቶ ሞተሩ ላይ ይጋገራል። ባለ ዚፕ የጨርቅ ከረጢት ግን ምንም ከማጣት ይሻላል። ከፋብሪካው ከረጢት ይበልጥ ደቃቅ አቧራ ስለሚያሳልፍ የሞተሩን መከላከያ ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ ማየት ግድ ይሆናል። ውጭ ወጥተው፣ ማስክ አድርገው፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ያራግፉት። ካጠቡት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ትንሽ እርጥበት እንኳ ከቀረበት አቧራው ጭቃ ሆኖ ይደፍነዋል፣ ማሽኑም መሽተት ይጀምራል። ያለ ከረጢት ግን ለአንድ ደቂቃም አያስነሱት። አንዳንዶቹ ማሽኖች ከረጢት ከሌለ ክዳናቸው አይዘጋም፤ የሚዘጋ ቢሆንም አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በዓል ሲሆን ቡና ይፈላል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ማታ ሁሉንም በቫኪዩም ብናነሳው ምን አለበት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፈንዲሻውን ያንሱ። ሌላውን አይንኩ።

አመዱ ከሁሉም የከፋው ነው። ጠፍቷል ያሉት አመድ ውስጥ ፍም ለብዙ ሰዓታት ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል። ቫኪዩሙ ሲስበው ደግሞ እንደ ወናፍ አየር ያቀብለዋል፤ የሚያርፈውም ወረቀት፣ ክርና አቧራ በሞላበት ከረጢት ውስጥ ነው። እሳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ማሽኑ ከጠፋና ቁም ሳጥን ከገባ በኋላ ሊጀምር ይችላል። ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ አመድም ቢሆን ከዱቄት የባሰ ይደፍናል። ምድጃው ዙሪያ የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ቄጤማው እርጥብና ረጅም ነው። ዘንጉ ከቱቦው የሚገናኝበት ክርን ላይ ይጠመዘዝና የሚከተለውን ሁሉ ይይዛል፤ ከረጢት የደረሰውም በማግስቱ ይሻግታል። በእጅና በመጥረጊያ አንሥተው፣ ወለሉ ሲደርቅ የቀረውን ፍርፋሪ ቫኪዩም ያድርጉ። የፈሰሰ ቡና ወይም ጠላ ያለበት ምንጣፍ ላይም እስኪደርቅ አይጠቀሙበት፤ ባለ ከረጢት ማሽን ለደረቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከቨርጂኒያ ቫኪዩም ልትልክልኝ ነው። እዚህ ይሠራል? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

መልስ፦ እንዳለ ሶኬት ላይ ከሰኩት በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ይችላል፣ ቫኪዩም ግን አይችልም። የአሜሪካ ቫኪዩም ብዙ ጊዜ እስከ 12 አምፔር ይወስዳል፤ በ120 ቮልት ሲባዛ 1,440 ዋት ይሆናል። ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚስብ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱን ከክፍል ክፍል ማጓጓዝ ሊኖርብዎት ነው። አያዋጣም። እህትዎ መርዳት ከፈለጉ እዚህ ለሚገዙት ማሽን የሚሆን ከረጢት ይላኩልዎት፤ ቀላልና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።

ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ ችግር የለበትም፣ የሚለየው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒናው ነው። ማስተላለፊያ ሲገዙ 13 አምፔር የሚችለውን ይምረጡ፤ ላላ የሚለው ይግላል፣ ይቀልጣል። ከሳውዲ የመጣ የቆየ ዕቃ ከሆነ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ 110 ወይም 127 ቮልት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይነሳል። በኋላው በኩል የመቃጠል ሽታም አለው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ሥራውን እየሠራ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የሚስበው አየር ስለሆነ መንገዱ ሲታነቅ ይግላል። ከላይ ለሐዋሳዋ አንባቢ የተሰጠውን ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ገመዱንም እስከ ቢጫው ምልክት ድረስ ጎትተው ያውጡት፣ ቀዩን አይለፉ። ተጠቅልሎ እየሠራ ያለ ገመድ ራሱ ይግላል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰኩት።

አየሩ ነፃ ሆኖም ሽታው ካልጠፋና በኋላው ቀዳዳ ሲያዩ ብልጭታው ትንሽ ሰማያዊ ከመሆን አልፎ ክብ ሠርቶ ከተቀጣጠለ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ጥቁር ቁራጭ፣ አልቋል። ካርቦን ሁለት ነው፤ አንዱ ብቻ ያለቀ ቢመስልም ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየራሉ። የድሪል ማሽን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ጋር ይገኛል፤ ልኩ ትንሽ ከወፈረ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ።

ሌላም አለ፦ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አጥፍተው ስፒናውን ይንቀሉ። በእግር የሚጫን ማብሪያ እንደበራ ስለሚቆይ መብራቱ ሲመጣ ቤት ሰው ሳይኖር ይነሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለበት። ባለ ከረጢቱ ይሻላል ወይስ ባለ ጣሳው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባለ ከረጢቱ። ልዩነቱ የሚታየው ሲደፋ ነው፤ የባለ ጣሳው አቧራ እንደገና ይቦናል፣ የከረጢቱ ግን አፉ ተዘግቶ ይጣላል። መውጫው ላይ ሄፓ ኤች13 ፊልተር ያለውን ይፈልጉ። ይህ ደረጃ ለመያዝ አስቸጋሪ ከሆኑት ጥቃቅን ብናኞች እንኳ 99.95 በመቶውን ይይዛል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ግን አየሩ በጎን ስለሚወጣ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በዓመት አንዴ ይቀየር፤ «ይታጠባል» ካልተባለ ውኃ አይንካው።

ሲያጸዱ መስኮት ይከፈት፣ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ጨርሰውም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይመልሱት። ምንጣፍ ላይ ቸኩሎ ከመመላለስ ዘንጉን በዝግታ እየሳቡ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ማለፍ የበለጠ ያወጣል። ብሩሹ ምንጣፉን አንጠልጥሎ ካስቸገረዎት ኃይሉን ከመቀነስ በፊት እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች ቀዳዳ ይክፈቷት። ሴራሚክ ላይ የብሩሹን ፔዳል ረግጠው ፀጉሩን ያውርዱ፣ ምንጣፍ ላይ ያንሱት። ፍራሹንም በየሳምንቱ በትንሹ የሶፋ አፍ ይሂዱበት። ቫኪዩም የአቧራ ተባዮችን ቆሻሻ ያነሳል፣ ሕያዋኑ ግን ክሩን ስለሚጨብጡ ብዙዎቹ ይቀራሉ፤ እነሱን የሚገድላቸው አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በ60 ዲግሪ ውኃ ማጠብ ነው።