ሐዘኗ ሳይወጣ ብታፈቅርስ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኳ ባሏ የሞተባት ሯጭ ናት፤ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ታሳድጋለች። እንጦጦ ላይ ከሚያሠለጥናት ሰው ጋር ትዋደዳለች። ጓደኞቼ «ሐዘኗ ሳይወጣ?» አሉኝ። ፍቅሩን ከሙት ዓመቱ በኋላ ላድርገው?
አንባቢሽ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ አታዘግዪው። እኔም ባሌን የቀበርሁት ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ጥቁር ልብሴን በዓመቱ አወለቅሁ፤ ሐዘኑ ግን አብሮ አልወለቀም። የሩጫ ጫማውን ለሁለት ዓመት ከበር ሥር አላነሣሁትም። አንድ ቀን ልጄ እግሯን ከትታበት ቤቱን ስትዞር፣ ሶሉ ላይ የደረቀው ጭቃ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። ጠረግሁት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለመጽሐፍሽ የሚያስፈልግሽ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የቀን ቆጠራው ለጎረቤት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። እናቱ ንጋት 11 ሰዓት ለልምምድ ስትወጣ ከማን ጋር ይቀራል? 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ልቧ እቤት ይሁን። አሠልጣኙም አበባ ይዞ አይምጣ። ሰዓት እየያዘ ዝም ብሎ ይጠብቃት፤ ሟቹንም በስሙ ይጥራው። እኔን የሚያሳምነኝ ያን ስም የማይፈራ ሰው ነው።

መዝጊያውን ታላቁ ሩጫ ላይ ልታደርጊው ካሰብሽ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን አንደኛ ሆና አትጨርስ። ልጁ የአባቱን ኮፍያ አድርጎ ከመንገዱ ዳር ይቁም፤ እሷም ስታየው ፍጥነቷን ትቀንስ።